የአስር አለቃው አራት ደቂቃ

ጥቅምት 8 ቀን

ለልጄ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለ ጤናዬ የጠየቅሽውን አስቀድሜ ልመልስና ወደ ቁም ነገሩ እንግባ። ጉልበቴ ያማል፣ ጆሮዬ ይሰማል፣ ዓይኔ ካንቺ ዓይን ይሻላል። እናትሽ ደህና ናት። ደህና ባትሆን ዝም ትል ነበር፤ ዝም አላለችም።

«‘ከወንዙ ወዲህ’ የተባለው ፊልም በማኅደር ሊቀመጥ የሚገባው ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ይጻፉልኝ፣ ለኮሚቴው አነበዋለሁ» ብለሻል። አንድ ገጽ! ሠላሳ አንድ ዓመት ሲኒማ ቤት ማጫወቻ ክፍል ውስጥ ቆሜ አራት መቶ አሥራ ሁለት ጊዜ ያሳየሁትን ፊልም! እኔ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ብቻ እንደገባሁ ታውቂያለሽ። ማንበብ የለመድኩት ከሸራው ግርጌ ከሚወጣው ጽሑፍ ነው። ዛሬም ጋዜጣ ስይዝ ፊደሉ የሚጠፋብኝ እየመሰለኝ እቸኩላለሁ። መጻፍ ግን ያስተማረኝ ስለሌለ ማሳጠር አልችልም። ኮሚቴዎቹ ይታገሡኝ።

ሰብሳቢያችሁ ፊልሙን አይቶት እንደማያውቅ ጽፈሻል። ላላየው ሰው ታሪኩ ይኸውልሽ። ጠላት እየመጣ ነው። ሕዝቡ ወንዙን ተሻግሮ እስኪጨርስ ሰባት ወታደሮች ድልድዩን ይዘው ይቆያሉ። ስድስቱ ያልቃሉ። ሰባተኛው፣ አስር አለቃው፣ ፈንጂውን ለኩሶ ድልድዩን ያፈርሰዋል፤ እሱም አብሮ ይሄዳል። አለቀ።

አሁን ምኑ ይደነቃል ለሚለው። የአስር አለቃው ሽጉጥ ስድስት ጥይት ይይዛል። ስድስት ይተኩሳል። ሰባተኛውን ሲስብ ቃ ይላል፣ ሽጉጡን ይወረውረዋል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቤት ቴሌቪዥን ላይ አንድ አዲስ ፊልም አየሁ፤ አንዱ ጎረምሳ በአንዲት ሽጉጥ አርባ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። ቆጥሬያለሁ። «ይኼ ሽጉጥ ነው ወይስ ቧንቧ?» ብዬ ልብስ ሰፊውን ብጠይቀው፣ «አንተ ሰውዬ፣ ዝም ብለህ ማየት አትችልም?» አለኝ። አልችልም። ልብስ ሰፊው ራሱ ‘ከወንዙ ወዲህ’ን ስልሳ ጊዜ ያየው የወታደሮቹን አዝራር ለመቁጠር ነው፤ አንድም አልጎደለበትም። በጥንቃቄ የተሠራ ነገር ስልሳ ጊዜ ይታያል።

የጭነት መኪናው ከድልድዩ ሲወድቅ የወደቀው እውነተኛ መኪና ነው። ሌላ መኪና ስላልነበራቸው አንዴ ብቻ ነው የቀረጹት። ሹፌሩ ዘሎ ሲያመልጥ አንድ እግር ጫማው እዚያው ይቀራል። ጫማው እዚያ እንዲቀር የጻፈ ደራሲ የለም፤ ራሱ ቀረ እንጂ። ሰውዬው በቀጣዩ ትዕይንት በአንድ ጫማ እያነከሰ ይሮጣል፤ አይጠቅሰውም፣ አያማርርም።

ደግሞ ይኼን አስተውሉ። አንድ ሰዓት ከአርባ ሁለት ደቂቃ ውስጥ «አገር» የሚለው ቃል የሚነሣው አንድ ጊዜ ነው። እሱንም የሚናገረው ጄኔራል እንዳይመስላችሁ፤ ወጥ ቤቱ ነው። «አገር ምድሩ ተርቦ እናንተ ጨው አነሰ ትላላችሁ?» ይላል፣ በጭልፋ እየዛተ። በቃ። ባንዲራ አይውለበለብም፣ ንግግር አይደረግም። አገሩን እወዳለሁ እያለ የሚምል ሰው በዚያ ፊልም ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁም፤ ሁሉም ሥራ ላይ ናቸው።

ከማጫወቻ ክፍሉ መስኮት የአዳራሹ መውጫ ይታያል። ሌላ ፊልም ሲያልቅ ሰው እየተጋፋ፣ እየተራገጠ ነበር የሚወጣው። ‘ከወንዙ ወዲህ’ ሲያልቅ ግን አንዱ ለሌላው በር ይይዝ ነበር። ይኼን አራት መቶ ጊዜ አይቻለሁ። ምክንያት ከተባለ የኔ ምክንያት ይኼ ነው።

ጉድለት የለበትም አልልም። ፊልሙ በሰባት ጥቅል ተከፋፍሎ ነው የሚመጣው፤ በአራተኛው ጥቅል ከኮረብታው ኋላ የቴሌቪዥን አንቴና ይታያል፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ቴሌቪዥን የለም። ሁለት ሰከንድ ነው። እኔ ሁልጊዜ ያንን ሁለት ሰከንድ የማሽኑ መነጽር ጥግ ላይ ጣቴን አደርግ ነበር። በዚህ ከተማ አንቴናውን ያየ ሰው ካለ ይምጣ።

ሳትቀንሺ አንብቢላቸው።

አባትሽ

ልጄ፣ ስላስረዘመው አትቆጪው፣ ሦስት ቀን ጠረጴዛውን ይዞብኝ ነበር። ከልብስ ሰፊው ቤት ግን አይቶ ጨርሶ አልወጣም፤ ጥይት ጮክ ብሎ ሲቆጥር አስወጡት። — እናትሽ


ጥቅምት 21 ቀን

አባባ፣

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ሙቅ ውኃ ያስይዙት፤ ትእዛዝ አይደለም፣ ልመና ነው።

ደብዳቤዎን ሳልቀንስ አነበብኩላቸው። ስለ ጫማው ሲሰሙ ሁለቱ አባላት «ይኼንንማ ማየት አለብን» አሉ፣ አየነውም። በመላ አገሪቱ የቀረው ቅጂ ይኸው የእርስዎ ሲኒማ ቤት ቅጂ ብቻ መሆኑንም ያወቅነው ያን ዕለት ነው። መኪናው ሲወድቅ አብራን የነበረችው የሒሳብ ሹማችን ከወንበሯ ተነሥታ ጮኸች። አንቴናውን ሁላችንም አየነው፣ ይቅርታ።

አሁን የማይወዱትን ልንገርዎት። ሰብሳቢያችን፣ ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፣ እስከ ስድስተኛው ጥቅል ድረስ ሲያይ ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ ራሱን ነቀነቀ። «አስር አለቃው ሰው አይደለም፣ ሐውልት ነው» አለ። «ጓደኞቹን ይሰናበታል፣ ክብሪት ይጭራል፣ ይሞታል። ዓይኑን እንኳ አያርገበግብም። የማይፈራ ሰው ምን ይደነቅለታል? ድንጋይም አይፈራም።» እኔም ስንት ዓመት ሳየው ያልጠየቅሁትን ነው የጠየቀኝ።

ያሉት ፊልሞች አርባ ናቸው። የማኅደሩ ቀዝቃዛ ክፍል የሚይዘው ሦስት ብቻ ነው፤ ጥገናውም የሚደርሰው ለሦስት ነው። ሌሎቹ ተበላሽተዋልና ይወገዳሉ። ውሳኔው ኅዳር 20 ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በስድስተኛው ጥቅል መጨረሻ ሙዚቃው ይዘላል። በግራ እጁ የነበረው ክብሪትም ድንገት በቀኝ እጁ ነው። የሚያስታውሱት ነገር ይኖር ይሆን?

ልጅዎ


ጥቅምት 29 ቀን

ለልጄ፣

ጉልበቴን በሙቅ ውኃ ይዤዋለሁ። ለውጥ የለም። የግራው ከቀኙ ይብሳል፤ ደረጃ ስወርድ ይጮኻል፣ ስወጣ ዝም ይላል። ይኼን በዝርዝር የምጽፍልሽ ስለ ጠየቅሽ ነው።

ልብስ ሰፊው ታርቆኛል። የበር መቆለፊያችን ተበላሽቶ ነበር፣ ራሴ ፈትቼ ሠራሁት፤ አሁን ይቆለፋል፣ መከፈቱን ገና እያየሁት ነው። እናትሽ በመስኮት መግባት አልለመደችም።

ሰብሳቢያችሁ ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው ብለሻል። በሠላሳ አራት ዓመት ሰው ስለ ፍርሃት ምን ያውቃል? ጉልበቱን እንኳ አሞት አያውቅም። ድንጋይ አይፈራም ይላል። ድንጋይ ድልድይ ሲያፈርስ አይቶ ያውቃል? ጠይቂልኝ።

ስለ ክብሪቱ ጠይቀሻል። ሰው ክብሪት ከግራ እጁ ወደ ቀኝ እጁ ማዛወር የተከለከለው ከመቼ ጀምሮ ነው? ስለ ሙዚቃውም ጠይቀሻል። ያረጀ ነገር ይዘላል፤ እኔም ቃል እዘላለሁ። ስድስተኛው ጥቅል ጤነኛ ነው። አምስተኛውን ጠይቂኝ፣ ልንገርሽ። ሰባተኛውን ጠይቂኝ። ስለ ስድስተኛው ግን ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ።

በዚህ ቃሌ እጸናለሁ።

አባትሽ

ልጄ፣ ይኼን የምጨምረው ፖስታውን የማሽገው እኔ ስለሆንኩ ነው፣ እሱ አያውቅም። ያንቺ ደብዳቤ ከመጣ ወዲህ መሰላሉን ሦስት ጊዜ አውጥቷል። «ጣራው ያፈሳል» ይላል። ዝናብ ካየን ሁለት ወራችን ነው። በዚያ ጉልበቱ እየቃተተ ወደ ኮርኒሱ ይወጣል። እዚያ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለው፤ በትዳር ዘመኔ ያልከፈትኩት ነገር እሱ ብቻ ነው። ድሮ ሲከፍተው አይሸትም ነበር፣ አሁን ሆምጣጤ እኔ ድረስ ይሸታል። ሆምጣጤ ለምን ጣራ ላይ ያስቀምጣል? — እናትሽ


ኅዳር 6 ቀን

አባባ፣

ስለ ስድስተኛው ጥቅል አልጽፍም። ስለ አንድ ሽማግሌ ልጽፍልዎት ነው።

አስር አለቃውን ሆነው የተጫወቱት ሰውዬ በሕይወት አሉ። እዚሁ ከተማ፣ ከማኅደሩ ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ። ከፊልሙ በኋላ ሌላ ፊልም አልሠሩም፤ መኪና መንዳት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። በሰፈሩ ሁሉም ሰው «አስር አለቃው» ነው የሚላቸው፣ እሳቸው ፈተና የጣሏቸው ሰዎች ሳይቀሩ። ትናንት ሄጄ አገኘኋቸው። በረንዳ ላይ ተቀምጠው በመንገዱ የሚያልፈውን ሹፌር ሁሉ ይሰድባሉ።

ፊልሙን ሰሞኑን እንዳየነው ስነግራቸው ፊታቸው በራ። «ማልቀሴስ እንዴት ሆነልሽ?» አሉኝ።

«የቱ ማልቀስ?» አልኳቸው።

«አዬ፣ ያያችሁት ላይ የለም ማለት ነው» አሉ። «ክብሪቱን ከመጫሬ በፊት ነበር። ጓዶቼ ሁሉ አልቀዋል፣ ብቻዬን ነኝ። ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ። እናቴን እጠራለሁ፣ አልችልም እላለሁ፣ ወደ ቤቴ መልሱኝ እላለሁ። አራት ደቂቃ ሙሉ። ከዚያ አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠርጌ እነሣና እጭራለሁ።» ከዚያ ሳቁ። «የዚያን ጊዜ አለቆች አይተው ጠልተውት ይሆናል፤ አስር አለቃ አያለቅስም ብለው። ምን ታደርጊዋለሽ? ስሚ ልጄ፣ ሮጫለሁ፣ ዘልያለሁ፣ ወድቄያለሁ፤ ይኼንን ማንም ጤነኛ ሰው ያደርገዋል። እኔ ተዋናይ የሆንኩት አራት ደቂቃ ብቻ ነው። ያየኝ ሰው ግን ይኖር ይሆን?»

ተሰናብቻቸው ተመለስኩ።

አባባ፣ በየጥቅሉ መጨረሻ፣ በሸራው ቀኝ ጥግ፣ ማሽን ለመቀየር ምልክት የምትሆን ነጭ ነጥብ ብልጭ ትላለች። የሌሎቹ ጥቅሎች ነጥብ ክብ ናት። የአንዱ ጥቅል ነጥብ ግን በመርፌ የተጫረች፣ ወደ ግራ ያዘነበለች ናት። የስንተኛው እንደሆነ አልጽፍም፣ ከልክለውኛል። እኔ ከማሽኑ ሥር ተቀምጬ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ደብተሬ ላይ ስሜን የጻፈልኝን እጅ ሳየው አውቀዋለሁ።

ደግሞ ለጠቅላላ ዕውቀት ያህል፦ ሆምጣጤ የሚሸት ፊልም እየሞተ ያለ ፊልም ነው። ዓመት አይቆይም። ይኼን ማንም አልነገረኝም፣ እንዲያው ወረቀቱ ስለ ተረፈኝ ጻፍኩት።

የምጠይቅዎት እንደ ኮሚቴው ጸሐፊ አይደለም።

ልጅዎ


ኅዳር 11 ቀን

ልጄ፣

ይኼን ደብዳቤ የምታመጣልሽ እናትሽ ናት። ቆርቆሮውን ለፖስታ ቤት አልሰጥም። አውቶቡሱ ውስጥ ፀሐይ በማይመታበት ወገን እንድትቀመጥና ከጭኗ ላይ እንዳታወርደው አዝዣታለሁ። «ልጄን እንኳ እንዲህ አላቀፍኳትም» ብላለች። ስትደርስ እንዳትከፍቱት፤ መጀመሪያ ቀዝቃዛው ክፍል ይግባ።

አለቆች አልቆረጡትም። እኔ ነኝ።

እንደምታውቂው ሁለት ማሽን ነበረን። አንዱ ሲያልቅ ሌላው ይነሣል፤ የመጀመሪያዋ ነጥብ ብልጭ ስትል ሞተር፣ ሁለተኛዋ ብልጭ ስትል መብራት። ተመልካቹ የተቀየረ ነገር መኖሩን አያውቅም። የኔ ሙያ ይኼው ነው፣ እንዳይታወቅ ማድረግ።

ፊልሙ መጀመሪያ የመጣ ዕለት እሑድ ከሰዓት ነበር። ወንበር ሞልቶ በየግድግዳው ቆመዋል። ፊልም ቀድሞ የማየት ልማድ የለኝም፤ ከሕዝቡ ጋር ነው የማየው። ስድስተኛው ጥቅል ላይ ያ ሰውዬ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ጀመረ።

ታላቅ ወንድሜ ወደ ጦርነቱ ሲሄድ በራችን ላይ ነው የተሰናበተን። እየሳቀ ነበር። ባርኔጣውን አጣሞ፣ እናታችንን አሾፈባትና ሄደ። አልተመለሰም። እኔ እንግዲህ እየሳቀ ሄደ፣ እየሳቀ ሞተ ብዬ ነበር የኖርኩት። ጥሩ ነገር ነበር፣ ያኖራል። ያን ዕለት አስር አለቃው እናቱን ሲጠራ፣ ከበራችን ርቆ ከሄደ በኋላ ወንድሜ ምን ብሎ እንደነበር አወቅሁ።

የመጀመሪያዋ ነጥብ አለፈች። ሁለተኛዋም አለፈች። ነጥብ ለማየት ዓይን ያስፈልጋል። ሸራው ነጭ ሆነ። አሥራ አንድ ሰከንድ። ከሙያዬ ዘመን ሁሉ ነጥብ ያመለጠኝ ያቺን አንዲት ቀን ነው። አዳራሹ ተናወጠ፤ ፉጨቱ፣ ጩኸቱ! «ኦፕሬተሩ ተኝቷል!» «ኧረ ቀስቅሱት!» «ትራስ ውሰዱለት!» ትራስ ያለው ልብስ ሰፊው ነው፤ ድምፁን አውቀዋለሁ፣ እስከ ዛሬ አልነገርኩትም።

የሲኒማ ቤቱ ኃላፊ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ። «ተኝተህ ነው?» አለኝ። ፊቴን ወደ ማሽኑ አዙሬ «አዎ፣ ተኝቼ ነው» አልኩት። በሥራ ላይ በመተኛት ተብሎ በጽሑፍ ተገሠጽኩ። ወረቀቱ አለኝ። በሥራዬ ላይ ተኝቼ አላውቅም።

ማታውን ደግሞ ማሳየት ነበረብኝ። እንደገና ቢያለቅስ እኔም እንደማልችል አወቅሁ። መቀስ አነሣሁ። ጫፉን ከጫፍ አጣበቅሁ፣ ነጥቡን በመርፌ ጫርኩ። ለአንድ ሳምንት ያህል ነው፣ ስለምደው እመልሰዋለሁ አልኩ። አልለመድኩም። አራት መቶ አሥራ አንድ ጊዜ ያለ ልቅሶ አሳየሁት። አንድ ጊዜም ቢሆን ነጥብ አላመለጠኝም።

መጣል አልሆነልኝም። ብርሃን ላይ እየያዝኩ አየው ነበር፣ ድምፅ የለውም፣ ትንንሽ ሥዕል ነው። ይኸው ሳከብረው አስረጀሁት።

ሰብሳቢያችሁ ስለ ፊልሙ ተሳስቷል። ስላየው ነገር ግን ልክ ነው፤ ያየው ሐውልት ነው፣ ሐውልቱንም የጠረብኩት እኔ ነኝ። ልክ ነው ማለቴን እንዳትነግሪው። የሚደነቅ ፊልም ነው ብዬ ስከራከርለት የኖርኩት ነገር ግማሹ እኔ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። ድልድዩን የያዘው ሰው መሄድ ይፈልግ ነበር። እንደዚያ እየፈለገ ቆየ። በር የሚይዙት ሰዎች ይኼን ሳያዩ በር ከያዙ፣ ቢያዩ ኖሮ ምን ያደርጉ እንደነበር እንጃ።

ለሽማግሌው አንድ ሰው አይቶዎታል በያቸው። ማን እንደሆነ ግን አትንገሪ።

አባትሽ


ኅዳር 27 ቀን

ለልጄ፣

ፊልሙ ከሦስቱ አንዱ ሆኖ መመረጡን የጻፍሽው በሁለተኛው ገጽ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ዜና በመጀመሪያው መስመር ይጻፋል። በመጀመሪያው ገጽ ላይ የእናትሽን መንገድና የአየሩን ጠባይ ስትዘረዝሪ እኔ ወንበር ይዤ ቆሜ ነበር የማነበው።

እናትሽ በደህና ገብታለች። ሰብሳቢው ራሱ ወንበር እንዳመጣላት፣ ቆርቆሮውን ሲቀበላትም ሁለት እጁን እንደዘረጋ አራት ጊዜ ነግራኛለች። አሳዳጊ አለው ማለት ነው።

ከተቆረጠው ውስጥ ዘጠኝ ሰከንዱ ተበላሽቶ ሊድን አለመቻሉን ተረድቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አታባብዪኝ። አስር አለቃው ራሳቸውን ሸራው ላይ ሲያዩ «አጋነንኩት እንዴ?» ማለታቸውንም ጽፈሻል። አላጋነኑም። ይኼን የሚለው በዚያ እሑድ ማሽኑ አጠገብ የነበረው ሰው ነው በያቸው። ስሜንም ንገሪያቸው። መኪና መንዳት አልችልም፣ እንዳይሰድቡኝ።

ሰብሳቢያችሁ መብራት ከበራ በኋላ ረጅም ጊዜ እንዳልተነሣ ጽፈሻል። ይቀመጥ። መልካም ነው።

አሁን ወደ ጠየቅሽኝ ልምጣ። ቆርቆሮው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ላይ «ጠፍቶ የተገኘ ክፍል» ተብሎ ቢጻፍ ይስማማሉ ወይ ብለሻል። አልስማማም። አልጠፋም። የት እንዳለ በየቀኑ አውቅ ነበር። የሒሳብ ሹሟ «በዘመኑ አለቆች ትእዛዝ የተቆረጠ» ይባል ማለቷንም አይቻለሁ፤ ለኔ አዝና መሆኑ ገብቶኛል፣ አመስግኚያት። ነገር ግን እነዚያ አለቆች ብዙ ነገር አድርገዋል፣ ይኼንን አላደረጉም። ያላደረጉትን አልጭንባቸውም።

አንቺም ስሜ እንዳይነሣ ብለሽ መሆኑን አውቃለሁ። ባለፈው እኔው ነኝ አትንገሪ ያልኩሽ። ክልከላውን አንስቻለሁ። የሚለጠፈው ይኼ ነው፦

«ስድስተኛ ጥቅል፣ መጨረሻ። አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ። የቆረጠው የሲኒማ ቤቱ ኦፕሬተር ነው፤ ያዘዘው የለም። ምክንያት፦ እያለቀሰ ማሽን መቀየር ስላልቻለ።»

ከዚህ ላይ አንዲት ፊደል እንዳትቀንሺ። ቆርቆሮው ካልበቃው ትልቅ ቆርቆሮ ፈልጉ።

አባትሽ